ማን ገባ? ማን ከደጅ ቀረ? የታላላቅ ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድሮች ታሪክ

ስፖርት የሰውን አካል ያጠነክራል፤ አእምሮውን ያነቃል፤ ከጓደኛው ጋር በሕግ መጫወትን ያስተምረዋል። ይህን ሁላችንም ከትምህርት ቤታችን ሜዳ የተማርነው ስለ ሆነ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ነገር ግን ውድድሩ ከመንደርና ከትምህርት ቤት አልፎ አገር ከአገር የሚገናኝበት በሆነ ጊዜ ነገሩ ከጨዋታ በላይ ይሆናል። በዚያ ሜዳ የሚሰለፈው ሰው ለራሱ ብቻ አይሮጥም፤ የአገሩን ስምና ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ይሮጣልና።

ስለ እነዚህ ውድድሮች በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ማን አሸነፈ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ታሪክን ለሚማር ሰው ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እንዲወዳደር የተፈቀደለት ማን ነው? ከደጅ የቀረውስ ማን ነው?» የሚለው ነው። ፈጣኑን ሯጭ በውጭ አስቀርቶ የሚደረግ ሩጫ ፈጣኑ ማን እንደ ሆነ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የኦሊምፒክንና የእግር ኳስን ታላላቅ ውድድሮች ታሪክ በዚህ ጥያቄ መንገድ እንከተላለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኦሊምፒክ ጨዋታ የተጀመረው በግሪክ አገር፣ ኦሊምፕያ በምትባል በጥንት ግሪኮች ዘንድ እንደ ቅዱስ ትቈጠር በነበረች ስፍራ ነው። መጀመሪያውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ዓመት እንደ ሆነ በልማድ ይነገራል። በዚያን ጊዜ የነበረው ውድድር 192 ሜትር ያህል የሚሆን አጭር ሩጫ ሲሆን፣ ስማቸው ከተመዘገበው አሸናፊዎች የመጀመሪያው ኮሮይቦስ የተባለ የኤሊስ አገር ወጥ ሠሪ ነበር ይባላል። ጨዋታው በየ4 ዓመቱ እየተደገመ፣ ትግልም ቦክስም የሠረገላ እሽቅድምድምም እየተጨመረበት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ኖረ። አሸናፊው የሚቀዳጀው ከወይራ ዝንጣፊ የተጎነጎነ አክሊል ነበር።

ጨዋታው በሚቃረብበት ጊዜ መልእክተኞች በየከተማው እየዞሩ የሰላም አዋጅ ያውጁ ነበር። አዋጁ በግሪክ ምድር ያለውን ጦርነት ሁሉ የሚያስቆም አልነበረም፤ ወደ ኦሊምፕያ የሚሄደው መንገደኛ እንዳይነካና ስፍራውም እንዳይደፈር የሚጠብቅ ነበር እንጂ። አዋጁን የሚያፈርስ ግን ይቀጣ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ420 ዓመት ኃያሏ ስፓርታ ይህን ሕግ ጥሳለች ተብላ ከጨዋታው ተከለከለች። አታልሎ ያሸነፈም ሰው መቀጫ ይከፍል ነበር፤ በመቀጫውም ገንዘብ የናስ ሐውልት እየተሠራ ወደ ሜዳው በሚያስገባው መንገድ ዳር ይቆም ነበር። ወደ ሜዳው የሚገባ ተወዳዳሪ ሁሉ በእነዚያ ሐውልቶች ፊት ሲያልፍ የሌላውን ነውር አይቶ ይጠነቀቅ ዘንድ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ለሁሉ እኩል አልነበረም። ባሪያ አይወዳደርም፤ ግሪካዊ ያልሆነም በቀድሞው ዘመን አይወዳደርም፤ ሴትም አትወዳደርም ነበር። በአንጻሩ ደግሞ በ67 ዓመተ ምሕረት የሮማው ንጉሠ ነገሥት ኔሮ በሠረገላ ውድድር ገብቶ ከሠረገላው ወደቀ፤ ውድድሩንም ሳይፈጽም አሸናፊ ተባለ። ከዚያ በፊት በብዙ ዘመን ኪኒስካ የተባለች የስፓርታ ንጉሥ ልጅ፣ በሠረገላ ውድድር አክሊል የሚሰጠው ለነጂው ሳይሆን ለፈረሶቹ ባለቤት መሆኑን አስተውላ፣ ፈረሶችዋን ልካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ396 እና በ392 ዓመት አሸነፈች። እንግዲህ በዚያ በጥንቱ ሜዳ ንጉሠ ነገሥቱ ወድቆ ሲያሸንፍ፣ ሴቲቱ ግን አሸናፊ የሆነችው በደጅ ሆና ነው። ጨዋታው በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ቄሣር ቴዎዶስዮስ የአረማውያንን በዓላት በከለከለበት ዘመን ቀረ።

ከ1,500 ዓመት በኋላ ይህን ጨዋታ እንደገና ለማቋቋም የተነሡት ባሮን ፒየር ደ ኩበርቲን የተባሉ ፈረንሳዊ ናቸው። በእርሳቸው ጥሪ በሰኔ ወር 1894 በፓሪስ ከተማ በሶርቦን በተደረገው ጉባኤ ዓለም አቀፍ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውም ፕሬዚዳንት ዲሜትሪዮስ ቪኬላስ የተባሉ ግሪካዊ ሆኑ። በ1896 በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ ማራቶንን ያሸነፈው ውሃ በማመላለስ ይተዳደር የነበረው ስፒሪዶን ሉዊስ ስለ ነበር፣ አዲሱ ኦሊምፒክ ለድሃም ለባለጠጋም በሩን የከፈተ መስሎ ታየ።

በእውነቱ ግን አዲሱ በር ሦስት መዝጊያዎች ነበሩት፤ እነዚህም ጾታ፣ ገንዘብና የቆዳ ቀለም ናቸው።

በአቴናው ጨዋታ አንዲት ሴት እንኳ አልተወዳደረችም። ኩበርቲንም ራሳቸው ሴቶች እንዲወዳደሩ አይወዱም ነበር። በ1900 በፓሪስ ከ997 ተወዳዳሪዎች መካከል ሴቶቹ 22 ብቻ ነበሩ። በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች መሮጥ ቢፈቀድላቸውም፣ የ800 ሜትሩን ሩጫ በፈጸሙ ጊዜ አንዳንዶቹ ደክመው ስለ ታዩ «ይህ ለሴት አይሆንም» ተብሎ ያ ሩጫ እስከ 1960 ድረስ ተሰረዘባቸው። ወንድ ሯጭ ደክሞ ሲወድቅ ጀግና ይባላል፤ ሴት ብትደክም ግን በሩ ይዘጋባታል። ሴቶች በኦሊምፒክ ማራቶን የሮጡት በ1984 ነው፤ ይኸውም ወንዶቹ ከጀመሩ ከ88 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው መዝጊያ ገንዘብ ነበር። በስፖርት ምክንያት ገንዘብ የተቀበለ ሰው በኦሊምፒክ መወዳደር አይችልም ተብሎ ተደነገገ። ደንቡ ስፖርትን ከንግድ ለመጠበቅ ታስቦ ቢወጣም የጠቀመው ሠርቶ ማደር የማያሻውን ባለጠጋ ነው። በ1912 በስቶክሆልም ጂም ቶርፕ የተባለ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ፔንታትሎንንና ዴካትሎንን አሸነፈ። በሚከተለው ዓመት ግን ቀደም ሲል ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ሜዳልያዎቹ ተወሰዱበት። በ1953 ሞተ፤ ሜዳልያዎቹ ለልጆቹ የተመለሱት በ1983 ነው፤ ብቻውን አንደኛ መሆኑም በመዝገብ የተጻፈለት በ2022 ነው። ፍርድ መጣ፤ ዳሩ ግን ባለ ጉዳዩ ከሞተ ከ69 ዓመት በኋላ መጣ።

ሦስተኛውና እጅግ የከበደው መዝጊያ የቆዳ ቀለም ነው። በ1904 ጨዋታው በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከዓለም ኤግዚቢሽን ጋር ተያይዞ ተደረገ። በዚያም ዓመት ከየአገሩ ለኤግዚቢሽኑ የመጡትን ነባር ሕዝቦች የማያውቁትን ጨዋታ እያስጫወቱ «እነዚህ ሰዎች ከነጮች ያነሱ ናቸው» ለማለት ሁለት ቀን የፈጀ ትርኢት ተደረገ። ነገር ግን በዚያው በሴንት ሉዊስ የማራቶን ውድድር ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ሁለት የጽዋና ሰዎች፣ ሌን ታውንያኔና ጃን ማሺያኒ፣ ሮጠው 9ኛና 12ኛ ወጡ። በኦሊምፒክ የተወዳደሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አፍሪካውያን እነርሱ ናቸው። ለትርኢቱ መልስ የሰጡት በእግራቸው ነው።

ይህ የዘር ነገር በግልጥ የታየው በ1936 በበርሊን ነው። የሂትለር መንግሥት ጨዋታውን ለዘር ትምክህቱ መስበኪያ ሊያደርገው አሰበ፤ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጄሲ ኦወንስ ግን አራት የወርቅ ሜዳልያ ወሰደ። በዚያው ጨዋታ ማራቶንን ያሸነፈው ሶን ኪ ቾንግ የተባለ የኮሪያ ልጅ ሲሆን፣ አገሩ በጃፓን ተይዛ ስለ ነበረች በጃፓን ስምና በጃፓን ሰንደቅ ዓላማ ሮጠ። ከእርሱ በፊትም በ1928 ማራቶንን ያሸነፈው ኤል ዋፊ የአልጄሪያ ተወላጅ ሆኖ የሮጠው ለፈረንሳይ ነበር። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው በበሩ ገብተዋል፤ የአገራቸው ስም ግን ከደጅ ቀርቷል።

የኢትዮጵያ ስምም በዚያ ሰልፍ አልነበረም። አዲስ አበባ በፋሽስት ጦር የተያዘችው በግንቦት ወር 1936 ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤቱታቸውን ያሰሙት በሰኔ 30 ቀን ነው፤ የበርሊን ጨዋታ የተከፈተውም ከአንድ ወር በኋላ በነሐሴ 1 ቀን ነው። የወረራው ባለቤት የኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ በስታዲዮሙ ሲውለበለብ፣ የተወረረችው አገር ልጆች በዱር በገደል ይዋጉ ነበር።

ይህን ያስታወሰ ሰው ከ24 ዓመት በኋላ በሮማ የሆነውን ነገር በሚገባ ያስተውለዋል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1956 በሜልቦርን ነው። በ1960 መስከረም 10 ቀን ማታ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ፤ ከሰሐራ በታች ካሉት ጥቁር አፍሪካውያንም የኦሊምፒክ ወርቅ ለመውሰድ የመጀመሪያው ሆነ። የሩጫው መንገድ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ፋሽስቶች በ1937 ከአክሱም ወስደው በሮማ ባቆሙት ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ሐውልቱ ለአገሩ የበቃው በ2005 ነው፤ አበበ ግን ቀድሞት ወርቁን ይዞ ተመልሷል። በ1964 በቶክዮ ማራቶንን ደግሞ በማሸነፍ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ1968 በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ ተከተለው።

የእግር ኳስም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1957 በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ይሰለፋሉ ተብለው የታሰቡት ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አንልክም ስላሉ ከውድድሩ ወጡ፤ አገሮቹ ሦስት ብቻ ሆነው ተጫወቱ። ዋንጫን ከመርሕ የሚያስቀድም ሰው ቢኖር ኖሮ «ገና በመጀመሪያው ቀን ከአራቱ አንዱን ማጣት አይገባም» ባለ ነበር፤ መሥራቾቹ ግን አላሉም። በ1962 ዋንጫው በአዲስ አበባ ሲደረግ ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ ወሰደች።

አፍሪካ በራስዋ ሜዳ በሩን ለሁሉ ስትከፍት የዓለሙ በር ግን ተዘግቶባት ነበር። ለ1966 የዓለም ዋንጫ ከተመደቡት 16 ቦታዎች ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሴንያ በአንድነት የተሰጣቸው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አገሮች ደጅ መጥናቱ ይብቃን ብለው በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ለ1970 ለአፍሪካ የራስዋ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ ለ2026 ደግሞ በቀጥታ የሚገቡት አፍሪካውያን ቡድኖች 9 እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚህ ትግል ውስጥ የአገራችን ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሠሩት ሥራ የማይረሳ ነው። እርሳቸው ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አፓርታይድን በዓለም ጉባኤ ፊት ሲቃወሙ ኖረዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በሩ መከፈት ይገባዋል ካልን፣ አለመግባትስ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለን? ደቡብ አፍሪካ ከ1964ቱ ጨዋታ ታገደች፤ በ1970ም ከኦሊምፒክ ማኅበር ተሰረዘች። ይህ በር መዝጋት ይመስላል፤ ነገር ግን በሩን አስቀድሞ የዘጋው በገዛ ዜጎቹ ላይ የዘጋው መንግሥት ነው። በ1976 የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለ ተጫወተ ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያን አገሮች ከሞንትሪያል ጨዋታ ቀሩ፤ ከእነርሱም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዶ ለሞንትሪያል ቢዘጋጅም ሳይሮጥ ቀረ፤ የ5,000ውንና የ10,000ውን ወርቅ የወሰደው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ነው። የምሩጽ ዋጋ ከባድ ነበር፤ ሆኖም የተከፈለው በሩ ለተዘጋባቸው ወንድሞቹ ሲባል ነው። እርሱም በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ርቀት አሸንፎ ዕዳውን ለራሱ ከፈለ።

በ1980 ግን አሜሪካና ብዙ ተባባሪዎችዋ በአፍጋኒስታን ወረራ ምክንያት ከሞስኮ ቀሩ፤ በ1984 ሶቪየት ኅብረትና ወዳጆችዋ ከሎስ አንጀለስ ቀሩ፤ የኢትዮጵያም መንግሥት አብሮ አስቀረ። በ1988 ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በመተባበር ከሴኡል ቀረን። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በላይነህ ዲንሳሞ በሮተርዳም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ዓለም ያየው ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ በሴኡል ሳይሰለፍ ቀረ። የ1976ቱና የ1988ቱ መቅረት በስም አንድ ናቸው፤ በፍሬ ነገር ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው የተዘጋን በር ለማስከፈት የተደረገ ነው፤ ሁለተኛው የሌላ ሰው ጠብ የገዛ ልጆቻችንን በር የዘጋበት ነው። በዝሆኖች ጠብ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው ሆነ።

የ1976ቱ ዋጋ ከንቱ እንዳልቀረ የታየው በ1992 በባርሴሎና ነው። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን ማፍረስ ጀምራ ወደ ኦሊምፒክ ተመልሳ ነበር። በሴቶች 10,000 ሜትር መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ የ20 ዓመትዋ ኢትዮጵያዊት ደራርቱ ቱሉና ነጭዋ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር። ደራርቱ አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች፤ ከዚያም ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በካርቱም በ1957 «አብረን አንጫወትም» ያለ መንግሥት አገሩ በ35ኛው ዓመት መልሱን ያገኘችው በዚህ ዙር ነው።

በዛሬው ዘመን እነዚህ ውድድሮች በቴሌቪዥን የሚታዩ፣ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስባቸው ታላላቅ ሥራዎች ሆነዋል። የገንዘቡ ብዛት አዲስ ፈተና አምጥቷል። ለማሸነፍ ሲሉ የተከለከለ መድኃኒት የሚወስዱ ስለ በዙ በ1999 ይህን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ድርጅት ተቋቁሟል፤ የጥንቶቹ የናስ ሐውልቶች ሥራ ዛሬ በላቦራቶሪ ይሠራል ማለት ነው። የማስተናገዱም ወጪ እጅግ ስለ ከበደ፣ አፍሪካ ታላቁን ኦሊምፒክ አስተናግዳ አታውቅም፤ የዓለም ዋንጫን ግን በ2010 ደቡብ አፍሪካ አስተናግዳለች።

ሆኖም በሩ እየሰፋ መጥቷል። በ1960 አበበ በሮማ ባሸነፈ በሳምንቱ፣ በዚያችው ከተማ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ተከፈተ። አበበም ራሱ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሰለሉ በኋላ፣ በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውድድር ተካፍሏል። በ2021 በቶክዮ በተደረገው ፓራሊምፒክ ትዕግሥት ገዛኸኝ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። በ2016 በሪዮ አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ 10 ሰዎች በኦሊምፒክ ሰንደቅ ዓላማ ሥር በአንድ ቡድን ተሰለፉ፤ ከእነርሱም አንዱ በኢትዮጵያ የተወለደው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ ነበር። በ2024 በፓሪስ ለሴቶችና ለወንዶች የተመደበው ቦታ እኩል ሆነ። በ2025 ደግሞ የዚምባብዌ ዋናተኛ የነበሩት ከርስቲ ኮቨንትሪ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ለዚህ ሥልጣን የበቁ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናቸው። አገራቸው ሮዴዥያ ትባል በነበረ ጊዜ፣ በ1972፣ በዘር መድልዎ ምክንያት ከሙኒክ የተመለሰች ነበረች።

እንግዲህ የታላላቅ ውድድሮች ጥቅም ምንድር ነው? ጦርነትን አያስቆሙም፤ በጥንትም አላስቆሙም፤ በ1916፣ በ1940 እና በ1944 ጦርነቱ እነርሱን አስቀራቸው እንጂ። ድሃውንም አገር ባለጠጋ አያደርጉም። ጥቅማቸው ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ በአንድ መሥመር ላይ ቆሞ፣ በአንድ ምልክት ተነሥቶ፣ በአንድ ሰዓት የሚለካበትን ሜዳ ለዓለም ያሳያሉ። በዚያ ሜዳ ላይ የተገለጠው እኩልነት ከሜዳው ውጭ ያለውን አድልዎ ያሳፍራል። ይህ ግን የሚሆነው መሥመሩ ላይ ሁሉም ሲቆም ብቻ ነው።

ጓደኞቼ ተማሪዎች ሆይ! ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ ያገኘናቸውን ዋንጫዎች መቍጠራችን ደስ የሚያሰኝ ነው። ከዋንጫዎቹ ጋር ግን በሜዳችን ዳር የቆሙትን እንቍጠር። ኳሱ ለወንዶች ብቻ የተተወ እንደ ሆነ፣ ጫማ የሌለው ልጅ «አንተ ቆይ» የተባለ እንደ ሆነ፣ በምርኩዝ የሚሄደው ጓደኛችን ውጤት መዝጋቢ ብቻ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ፣ የሴንት ሉዊስና የአምስተርዳም ታሪክ በእኛው ግቢ ተደገመ ማለት ነው። የኦሊምፒክን በር ለመክፈት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የእኛን ሜዳ በር ለመክፈት ግን የሚፈጀው አንድ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው።